ከሰሎፔቱ ሥር የሚንኮሻኮሸው

ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ከዚህ በታች ስለ ዓሣ ማጥመጃ ልብስ እንደ ሊቅ ስዘበዝብ ስታገኙኝ «ይቺ ደግሞ የት ሐይቅ ዳር አደገች?» እንዳትሉ ነው። ያደግሁት ሳሪስ ነው። ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ የጠለቀ ውኃ ውስጥ እግሬን ከትቼ አላውቅም ነበር። ዓሣንም የማውቀው ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት ሲመጣ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ስካይዌይ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ሬንተን ውስጥ ባለ ትልቅ የስፖርትና የካምፒንግ ዕቃ መደብር እሠራለሁ። መጀመሪያ ካሸር ነበርኩ። ማኔጀራችን ዳን ከደንበኛ ጋር ወሬ ስይዝ ሰልፉ እስከ በር እንደሚደርስ አየና ልብስ ክፍል አዛወረኝ፤ ለሦስት ወር ሙከራ። ከደረስኩበት ቋሚ እሆናለሁ፣ ካልደረስኩበት ወደ ካሸሬ።

እንደምደርስበት አልተጠራጠርኩም። አዲስ አበባ ጫማ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ገና ከበሩ ሲገባ እግሩን አይቼ ቁጥሩን እናገር ነበር። «ለምን አትጠይቂያቸውም?» ሲሉኝ «ዓይኔ ሜትር ነው» እላለሁ። እዚህ ከመጣሁ በኋላም ለአባቴ ጫማ ገዝቼ በሰው የላክሁለት በዚሁ ዓይኔ ነው። ደውዬ «እንዴት ሆነልህ?» ስለው «ልክክ!» አለኝ። ይህችን «ልክክ» ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰባ ያለፋቸው፣ ነጭ ጢማቸው በሥርዓት የተከረከመ። ከተሰቀለው ልብስ መሐል ሲንገላቱ ቆይተው ዓይናችን ሲገጣጠም ፊታቸው በራ።

«ሐበሻ ነሽ?»

«ነኝ አባት። ምን ልርዳዎት?»

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲያው ተገላገልኩ።»

ጋሽ ኑሪ ይባላሉ። የዝዋይ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በደንገል ጀልባ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው፣ በኋላ ሱቅ ከፍተው፣ በስተርጅና ልጃቸው ፈቲያ ሬንተን አምጥታቸዋለች። የሚፈልጉት ብርድና ዝናብ የሚችል፣ ከደረት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ሱሪ ነው። እዚህ ቢብ ይሉታል፤ እኛ ልጆች ሳለን ሰሎፔት የምንለው ነው።

«ልጄ ነርስ ናት» አሉኝ። «ነርስ ልጅ ካለሽ ቤትሽ ሆስፒታል ነው። አምና ሐይቁ ላይ ብርድ መታኝና ሳንባዬ ታመመ፤ አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ዘንድሮ ስለምናት፣ ስለምናት፣ ‹ኦኬ አባዬ፣ ደህና ልብስ ግዛና ሂድ። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ረጥበህ ካየሁህ ዘንግህን ለሰው እሰጠዋለሁ› አለችኝ። ታደርገዋለች! እኔ ደግሞ እዚህ አገር ምን አለኝ? መኪና አልነዳ፣ ሥራ የለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የወዳጄ ጀልባ ላይ ስወጣ ነው ኑሪን ኑሪን የምለው።»

እንግዲህ ምን እንደሚያሰጋቸው በደንብ ነግረውኛል። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

እኔ ምን አደረግሁ? እኛ ብርድ ልብስ እንዴት ነው የምንገዛው? በክንዳችን መዝነን ነው። የከበደው ያሞቃል፤ አለቀ። ሁለት ዓይነት ሰሎፔት ነበረን። አንደኛው ላስቲክ መሳይ፣ ስስ፣ ሲያዩት የማያሞቅ። ሁለተኛው ጥጥ የተጠቀጠቀበት የሚመስል፣ እንደ ፍራሽ ያበጠ ሰማያዊ። በአንዱ ክንዴ አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ይዤ መዘንኩና ሰማያዊውን አነሣሁ። የተሰቀለው በረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች በተለየው ቦታ መሆኑን አላስተዋልኩም። ከወገቡ ላይ መጽሐፍ የሚያህል ጽሑፍ ተንጠልጥሎበታል፤ እሱንም አላነበብኩትም።

«ዝናብ ይችላል?» አሉኝ።

«ውፍረቱን አያዩትም? ምን ዝናብ ያልፈዋል!»

«ለአባትሽ ትመርጪለት ነበር?»

«ዓይኔን ሳላሽ።»

ለክተው እንዲያዩት ብለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። «በየመጋረጃው ሱሪ ሳወልቅ አልገኝም። የአገሬ ልጅ መርጣልኛለች፤ በቃ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ምርቃታቸው ወዲያው ሠራ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጀልባው ባለቤት፣ የቡታጅራው ጋሽ ደምሴ መጡ። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። «ያንን የኑሪን ዓይነት ስጪኝ» አሉ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎች አምስት ሽማግሌዎች ተከታተሉ። ሰባት ሰማያዊ ሰሎፔት! ጋሽ ኑሪ ጋ ደውዬ «እንዴት ነው ልብሱ?» ስላቸው «ምድጃ ነው ልጄ፣ ምድጃ!» አሉኝ። ዳንም ደስ ብሎት «እነዚህ ሽማግሌዎች ጀልባ ላይ ሆነው ለብሰውት ፎቶ አንሺልኝ፤ ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለን» አለኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ፎቶዬ ግድግዳው ላይ ከወጣ ማን ካሸር ላይ ይመልሰኛል?

ለጋሽ ኑሪ ደውዬ ቅዳሜ አብሬያቸው ልውጣ አልኳቸው።

«ቅዳሜ እንኳ... ዝናብ ይላል አሉ።»

«ሰሎፔቱ እያለ ዝናብ ምን ያደርገናል?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ፤ ግን ድምፃቸው ሙት ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ድምፅ የማዳምጥ ሰው አልነበርኩም።

ቅዳሜ ገና ሲነጋጋ ሐይቁ ዳር ደረስኩ፤ ሬንተን ካለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ብዙም የማይርቅ መናፈሻ ነው። እኔም ለፎቶው ድምቀት ብዬ ከዚያው ሰማያዊ ሰሎፔት አንዱን ገዝቼ ለብሻለሁ። ሰባት ሸጬ አንድ ቀን ለብሼው አላውቅም ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲያዩኝ ተያዩ።

«አንቺም ለበስሽው?» አሉ ጋሽ ኑሪ።

«ሻጯ ካለበሰችው ማን ይለብሰዋል!»

ጋሽ ደምሴን ሳል ያዛቸው።

ላይፍ ጃኬታችንን አጥልቀን ጀልባዋ ላይ ወጣን። ጀልባ ካላችኋት ነው፤ ከመታጠቢያ ገንዳ በጥቂቱ የምትሰፋ አልሙኒየም ናት። ጋሽ ደምሴ ሞተሯን አስነሡ፣ እኔ መሐል ተቀመጥኩ፣ ጋሽ ኑሪ ከፊት። ከዳር ከራቅን በኋላ ሞተሩ ሲጠፋ ነው ያንን ድምፅ የሰማሁት። ኮሽ፣ ኮሽ። ጋሽ ኑሪ ሲንቀሳቀሱ ኮሽ፤ ጋሽ ደምሴ ሲዞሩ ኮሽ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ቺፕስ ይዘዋል እንዴ?»

«ቺፕስ? አይ... ጀልባዋ ናት። ያረጀ ጀልባ እንዲህ ይንኮሻኮሻል።»

አመንኩ። ስለ ጀልባ ምን አውቄ እከራከራለሁ?

ዝናቡ ጀመረ። የሲያትልን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እንደኛ አገሩ ወርዶ፣ ተቆጥቶ፣ የሚያበቃ አይደለም። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ሥራዬ ብሎ ነው የሚዘንበው። የተቀመጥንበት አግዳሚ ላይ ውኃ ማቆር ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ መቀመጫዬ ላይ ሳንቲም የምታህል ቅዝቃዜ ተሰማችኝ። ምናልባት እንዲሁ መስሎኝ ይሆናል ብዬ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ሳንቲሟ ሳህን አከለች። ሳህኑ ትሪ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከወገቤ እስከ ጉልበቴ የበረዶ ውኃ ውስጥ የተነከረ ስፖንጅ ለብሼ ነበር።

የማደርገው ጠፋኝ። «ራስኩ» ልበል? የሸጥኩት እኔ! ስለዚህ ያደረግሁት ሌላ ነገር ነው።

«ጋሽ ኑሪ፣ ሞቆዎታል?»

«ምድጃ! አንቺስ?»

«በጣም! ጋሽ ደምሴስ?»

«እኔማ ላብ በላብ ሆኛለሁ።»

ሦስታችንም ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ነበር።

ድንገት የጋሽ ኑሪ ዘንግ ጎበጠ። እንዴት እንደሚያምርባቸው ብታዩ! ያ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ትከሻ ተቃና፤ እጃቸው ክሩን ሲለቅ፣ ሲስብ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ እጅ ሆነ። ክንድ የሚያህል ትራውት ወጣ። «አንሺኝ! ቶሎ!» አሉ፣ እየሳቁ። ስልኬን አነሣሁና ፊታቸውን ለማቅረብ ሳሰፋው ከሰሎፔቱ ጎን፣ ከብብታቸው ሥር፣ ቀይ ገመድ ተንጠልጥሎ አየሁ። ከገመዱ ጋር ጥቁር ፕላስቲክ። ገመዱን አወቅሁት፤ ቤቴም አለ። የቆሻሻ ፌስታል ማሠሪያ ነው።

«ጋሽ ኑሪ፣ ይህ ምንድነው?»

ዝቅ ብለው አዩትና ወደ ውስጥ ጎሰጎሱት። «ቀበቶዬ ነው።»

ከኋላዬ ጋሽ ደምሴ መቻል አቃታቸውና ጀልባዋ እስክትናወጥ ድረስ ሳቁ። «ተው ኑሪ፣ አለቀ። ተይዘናል።» ብለው የራሳቸውን ሰሎፔት ደረቱ ላይ ገለጥ አደረጉት። ጥቁር ፌስታል፣ ቀይ ገመድ፣ በሥርዓት ተቋጥሮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሽ ኑሪ እስከ ጭናቸው ርሰው ነበር። ፈቲያ ሥራ ላይ ስለነበረች ጋሽ ደምሴ ቤት ሄደው ልብሱን ድራየር ውስጥ አደረቁ። በሁለተኛው ቅዳሜ በእያንዳንዱ እግራቸው አንድ አንድ የቆሻሻ ፌስታል አጠለቁ። ጋሽ ደምሴ የገዙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው! ሌሎቹም አምስቱ እንደዚሁ።

«ለምን አልመለሱትም?» ስል ጮህኩ። «እዚህ አገር እኮ ሪተርን ይደረጋል! ማንም ምንም አይልም!»

ጋሽ ኑሪ ዓሣውን ባልዲው ውስጥ ከተቱና ወደ ሐይቁ እያዩ መለሱልኝ።

«ዕቃውስ ይመለሳል ልጄ። ስምሽስ? ‹ይህችን ልጅ ማን ቀጠራት› ሊሉ ነው። እንጀራሽ ነው። እኔ በፌስታል እችለዋለሁ።»

«ሌሎቹንስ ለምን ላኩብኝ?»

«አንድ ሰው ብቻ ገዝቶ ቢቀር፣ አልቻለችም ይሉሻል ብዬ።»

ጫማ ቤታችን በር ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ነበር። ለካ ያንን ጽሑፍ እሳቸውም ልባቸው ላይ ለጥፈው ነው ባሕር የተሻገሩት። ሰባት ሽማግሌ እኔን ላለማሳፈር የቆሻሻ ፌስታል ለብሶ ሐይቅ ላይ ይውላል! አፈርኩ፤ ሳቄም መጣ፤ እንባዬም መጣ። የትኛውን እንደማስቀድም ግራ ገባኝ።

ምርጫው ግን በእጄ አልቆየም። ጋሽ ኑሪ አንዴ ሳሉ። ደረቅ ሳል አይደለም፤ ከሥር የሚመጣ ነው። ከንፈራቸውን አየሁት፤ ሰማያዊ። ተጠግቼ ጉልበታቸውን ጨበጥ ባደርገው ውኃው በጣቶቼ መሐል ፈሰሰ።

«ጋሽ ኑሪ! ፌስታሉስ?»

«ዛሬ ጀልባዋ ላይ ስወጣ ተቀደደ» አሉ፣ ቃሉን እየጎተቱ። «ልቻለው ብዬ ነው። አንቺ ፎቶ ልታነሺ መጥተሽ...»

«ጋሽ ደምሴ፣ ይመልሱን!»

ሞተሯ አቅሟን ሁሉ አወጣች። ከላይፍ ጃኬቱ ሥር ያለውን ጃኬቴን አውልቄ ጭናቸው ላይ ደረብኩ፤ እሱም ወዲያው ራሰ። አሥራ አንድ ቀን መተኛታቸው ብቻ ነው በጭንቅላቴ የሚዞረው። ዳሩ ሲቃረብ ነጭ መኪና አየን። ከመኪናው አጠገብ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት ቆማለች።

«ፈቲያ ናት» አሉ ጋሽ ኑሪ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ትእዛዝ፣ «አንቺ አትናገሪ። ነገሩን ለእኔ ተይው» አሉኝ።

ከጀልባዋ ሳይወርዱ ጀመረች። «አባዬ! ይሄን ዌዘር እያየህ? ከሥራ ወጥቼ ኮል ባደርግ አታነሣ፣ ባደርግ አታነሣ! ርሰሃል እንዴ? አባዬ፣ ርሰሃል!»

«ተንሸራትቼ ነው» አሉ ጋሽ ኑሪ፣ ቀጥ ለማለት እየሞከሩ። «ጀልባዋ ላይ ስወጣ ውኃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ልብሱ አንደኛ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ቃል ቃል ነው፣ እንኪ።» ዘንጉን ዘረጉላት።

እስቲ በእኔ ቦታ ቁሙ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ፣ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፣ ሽማግሌው ራሳቸው «አትናገሪ» ብለውኛል። እሳቸው ግን ቅዳሜያቸውን ሊሰጡ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ የሚጠብቋትን አንዲቷን ቀን፣ እኔ አንድ ወረቀት ባለማንበቤ።

«አልተንሸራተቱም» አልኩ። «ውኃ የሚያስገባውን ልብስ የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ቀን ርሰዋል። እኔን ላለማሳፈር ነው ዝም ያሉት።»

ጋሽ ኑሪ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፈቲያ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ከሰማያዊው ሰሎፔቴ ውኃ ይንጠባጠባል።

«ያቺ አንቺ ነሽ? ‹የአገሬ ልጅ መረጠችልኝ› እያለ በየሰው ቤት የሚያወራላት?»

«ነኝ።»

«ምን እንደሚል አንብበሽው ነበር?»

«አላነበብኩትም።»

«ሶ ገምተሽ ነው» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አባቷን መኪናው ውስጥ አስገብታ ማሞቂያውን ለቀቀችው። ዘንጉን ተቀበለችና ከኋላ ወንበር አስቀመጠችው። ሲሄዱ ጋሽ ኑሪ በመስኮቱ እጃቸውን አነሡልኝ፤ አሁንም እኔን ሊያጽናኑ!

እሑድ ትኩሳት እንዳለባቸው ጋሽ ደምሴ ነገሩኝ። ስልኬን ከእጄ ሳላወርድ መሸ። ሰኞ ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ሳንባቸው ደህና ነው ተባለ። እኔም ያንኑ ጠዋት ዳን ፊት ቀርቤ ሁሉንም ነገርኩት። እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥኔን ባዶ አድርጌ ነበር።

«ለሁሉም ደውይላቸው፣ ይመልሱ» አለኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበና ጠየቀኝ፦ «ግን እኔ እዚያው ነበርኩ። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

አራት ዓመት ጫማ ሸጬ፣ ሁለት ዓመት አሜሪካ ኖሬ፣ «አላውቅም፤ አስረዳኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ለአምስቱ ሽማግሌዎች ደወልኩ። «ልብሱ እንዴት ነው?» ስላቸው አምስቱም፣ ተነጋግረው ያደሩ ይመስል፣ «እጅግ በጣም ይሞቃል» አሉኝ። «ስለ ፌስታሉ አውቄያለሁ» ስላቸው ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል። አንደኛው ብቻ «እኔስ ድርብ ነው የማደርገው» አሉኝ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ያ እንደ ፍራሽ ያበጠው ለደረቅ በረዶ የተሠራ ነው፤ ለሚቆም፣ ለሚንሸራተት ሰው። ውኃ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ውፍረቱ ምንም አይሠራም፤ ስፌቱ ከውስጥ ካልታሸገ ውኃው በመርፌው ቀዳዳ ነው የሚገባው። መቀመጫውና ጉልበቱ ድርብ መሆን አለበት። ቦት ጫማ ሳያወልቁ እንዲለብሱት ዚፑ ከታች እስከ ጭን መከፈት አለበት። ከሥሩ ሹራብ ሱሪ የሚያስገባ ስፋት ያስፈልገዋል። ላቡን ማስወጣት አለበት፤ አለበለዚያ እንደ ፌስታሉ ከውስጥ ያረጥባል። ይህን ሁሉ የሚያሟላው፣ ውስጡ ደግሞ የሚያሞቅ ስስ ሽፋን ያለው የቱ መሰላችሁ? ያ «ላስቲክ» ብዬ የናቅሁት።

ማንበቡ ግን አልበቃኝም፤ ስለ ራሴ አንዴ ተምሬያለሁ። ቤቴ መታጠቢያ ገንዳውን በቀዝቃዛ ውኃ ሞልቼ፣ አዲሱን ሰሎፔት ለብሼ፣ ኪሴ ውስጥ ሶፍት ከትቼ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ደረቅ ወጣሁ። በማግስቱ ጋሽ ኑሪ ቤት በር ላይ ቆሜ ደወል ደወልኩ።

ፈቲያ ከፈተች። በእጄ ያለውን አየችና «ኖ» አለች።

«ቃሌን አትቀበዪ» አልኳት። «ፈትኚው።»

ነርስ ለካ ፈተና ትወዳለች። ጋራዥ ውስጥ የልጆች መዋኛ ነፍታ፣ ውኃ ሞላችበትና ከማቀዝቀዣው በረዶ ጨመረችበት። ጋሽ ኑሪ ከሥር ወፍራም ሹራብ ሱሪ፣ ከላይ አዲሱን ሰሎፔት ለብሰው፣ በውስጥ ኪሳቸው ሶፍት ይዘው፣ እንደ ንጉሥ መሐሉ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ «በረደህ?» አለቻቸው። ሁለት ጊዜ «ምድጃ!» አሉ። በሦስተኛው እኔን አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እውነቱን ልናገር?»

«እውነቱን» አልናቸው ሁለታችንም።

«እጄን በረደኝ። የቀረው ግን ይሞቃል።»

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ተነሡ። ፈቲያ ሶፍቱን ከኪሳቸው አወጣችው፣ ወደ መብራቱ ይዛ አየችው፣ በጣቷ አሸችው። ደረቅ። ከዚያ በዚያው ሶፍት ዓይኗን ጠረገችና ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ዘንጉን ይዛለች።

«ጓንትም ምረጪለት» አለችኝ። «አንብበሽ ግን።»

ይኸው እስከ ዛሬ ልብስ ክፍል ነኝ። ዳን ያንን ፎቶ ግድግዳው ላይ አልሰቀለውም፤ እኔ ግን ቤቴ ሰቅዬዋለሁ፣ ከነቀይ ገመዱ። እናንተ ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ ሰሎፔት ስትገዙ ስፌቱን ከውስጥ ገልጣችሁ እዩ፤ እሱ ቀላሉ ምክሬ ነው። ከባዱ ግን ይህ ነው፤ የሚወዷችሁ ሰዎች «ደህና ነው፣ ይሞቃል፣ ተመችቶኛል» ሲሏችሁ ትንሽ ቆዩ። ኮሽ የሚል ነገር ካለ አዳምጡ። እኔ ያንን ካወቅሁ በኋላ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ፤ ያቺ ያስያዝኳችሁ «ልክክ»።

ከጋሽ ኑሪ ቤት የተመለስኩ ዕለት ለአባቴ በቪዲዮ ደወልኩ። በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል፤ እዚያ ጠዋት ነው።

«አባዬ፣ ጫማው እንዴት ነው?»

«ልክክ ነው ያልኩሽ!»

«እስቲ ስልኩን ወደ እግርህ አዙረው።»

«ምን ሊያደርግልሽ? ይልቅ አንቺ በላሽ?»

«አባዬ። አዙረው።»

ስልኩ ቀስ ብሎ ዞረ። የላክሁለት ቡናማ ጫማ ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ በየቀኑ የተጠረገ። ተረከዙ ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ተረግጦ፣ እንደ ነጠላ ጫማ ሆኗል። የአባቴ ተረከዝ ከኋላ ወጥቶ መሬት ላይ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ።

«እንዲህ ሲሆን ይቀለኛል» አለ፣ ፈጠን ብሎ። «ለማውለቅም...»

«አባዬ» አልኩት፤ ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅሁት። «ቁጥርህ ስንት ነው?»

ስልኩ ተመልሶ ፊቱ ላይ ሲመጣ እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን ሌላ ነገር ይል ነበር።

«አርባ ሦስት» አለኝ።

የላክሁለት አርባ አንድ ነበር።